ከመቆፈር በፊት መጠየቅ

(ስለ አይሮፕላን ማረፊያና ስለ ረግረግ መሬት፣ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



በዛሬው የበዓል ቀን እንድናገር ስታዘዝ የመረጥሁት ርእስ ለበዓል የማይስማማ ይመስል ይሆናል። ርእሱ የአይሮፕላን ማረፊያና የረግረግ መሬት ነው። አንደኛው አስፋልትና ሲሚንቶ፣ ሁለተኛው ጭቃና ቄጠማ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁለቱ ባንድ ቦታ በተገናኙ ቁጥር ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩም ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ ነገር ይመጣል። ይኸውም «ፈቃዱን ማን ሰጠ? መቼ ሰጠ? ማንንስ ጠይቆ ሰጠ?» የሚል ነው። ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ፣ አብራሪ፣ ዳኛ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሚሆን አለ። ማኅተም በእጁ የሚገባ ሰው ማኅተሙን የሚያሳርፍበትን ጊዜ አስቀድሞ ቢማር ላገሩም ለራሱም ይበጃል። ስለዚህ ጥቂት ጊዜ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ከደጃችን ልነሣ። በእንጦጦ ግርጌ የምንኖር ሰዎች ተራራውን የምናውቀው በባሕር ዛፉ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ፣ ከመስከረም 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በመናፈሻው ነው። እንጦጦ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ውሃ ከፋይ ተራራ ነው። በሰሜን ጀርባው የወረደው ዝናብ በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በደቡብ ፊቱ የወረደው ደግሞ በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በቀጨኔና በሌሎቹ ወንዞች ከተማውን አቋርጦ ወደ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያም በአባ ሳሙኤል በኩል ከአዋሽ ይቀላቀላል። እንግዲህ በተራራው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ከወደቁት ሁለት ጠብታዎች አንዱ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር፣ ሌላው ወደ አፋር በረሃ መንገድ ይጀምራል ማለት ነው። ከፍ ያለ ቦታ የሚኖር ሰው በውሃ ላይ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ዝቅ ብሎ ለሚኖረው ሰው ይደርሰዋል።

ውሃ ከተራራ ወርዶ ሜዳ ላይ ሲደርስ የሚያርፍበት ቦታ ረግረግ ይባላል፤ ያገራችን ሰው ጨፌም ይለዋል። በየካ በኩል አያት ጨፌ የሚባለው ሰፈር ዛሬ በሕንፃ ተሞልቷል፤ ስሙ ግን መሬቱ ቀድሞ ምን እንደ ነበረ የሚነግረን ይመስለኛል። ብዙ ሰው ረግረግን እንደ ሥራ ፈት መሬት ይቈጥረዋል። አይታረስም፣ ቤት አይሠራበትም፣ ከብት ይሰምጥበታል፣ ትንኝ ይራባበታል ይላል። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት አለ። ይሁን እንጂ ረግረግ ዝም ብሎ የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው።

አንደኛ፣ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ በጋ ላይ ቀስ በቀስ ይለቃል። ሁለተኛ፣ ደለልን ያስቀራል፤ ውሃው ከገባበት ይልቅ ጠርቶ ይወጣል። ሦስተኛ፣ በበጋ ሜዳው ሁሉ ሲደርቅ ለከብት ሣር ይሰጣል፤ ለበዓልና ለቡና የምንጐዘጉዘው ቄጠማም የሚታጨደው ከዚያው ነው። አራተኛ፣ የብዙ ፍጥረት ቤት ነው። ከሆለታ አቅራቢያ ባለው የበርጋ ረግረግ ክንፈ ነጭ የሆነች አንዲት ትንሽ ወፍ በክረምት ትራባለች። ይህች ወፍ ባለም ላይ ከመጥፋት ጫፍ ከደረሱት አንዷ ስትሆን የምትታወቀውም በዋናነት በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ነው። እርሷን የሚጠብቃት የሳሩ ቁመት ነው፤ ሳሩ ያለጊዜው ከታጨደ ወይም ረግረጉ ከደረቀ የምትራባበትን ቦታ ታጣለች።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ረግረጉ ነው። አሁን ደግሞ ለአይሮፕላኑ ልፍረድ፤ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ የዳኛ ወግ አይደለምና።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት መጨረሻ የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ካይሮ አደረገ። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ የአይሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። የጄት አይሮፕላን ሲመጣ የልደታ ሜዳ አጠረ፤ ስለዚህ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ቦሌ ተሠራ። ያን ጊዜ ቦሌ ከከተማ የራቀ ሜዳ ነበር። ከተማው ግን ተከትሎት ሄደና ዙሪያውን ያዘው። በጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው ማስፋፊያ ጣቢያውን በዓመት እስከ 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ አደረገው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ወደ ጎን የሚሰፋበት መሬት አልተረፈውም።

ሌላም ምክንያት አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ክንፉ የሚያገኘው ድጋፍ፣ ሞተሩም የሚሰጠው ጉልበት ያንሳል። በዚህ ምክንያት አይሮፕላን ከቦሌ ሲነሣ በዝቅተኛ ቦታ የሚሸከመውን ያህል ጭነትና ነዳጅ ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ አየር መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከቦሌም ዝቅ ብሎ በቢሾፍቱ አጠገብ የሚገኘውን አቡሴራን መረጠ። የግንባታው መጀመሪያ በጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ተበሠረ። የተነገረው ወጪ 12.5 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነው፤ አራት ማኰብኰቢያዎች ይኖሩታል፤ ሁሉ ሲያልቅ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቧል። ይህ ለወጣቱ ሥራ፣ ላገር የውጭ ምንዛሪ፣ ለስማችንም ክብር ነው። ይህን የሚያቃልል ሰው ያገሩን ጥቅም አላየም።

ነገር ግን አቡሴራ ባዶ መሬት አይደለም። በአድአ አገር ያለ ነው፤ የአድአ ጤፍ ደግሞ በእያንዳንዳችን ቤት ይታወቃል። ወደ 2,500 የሚጠጉ የገበሬ ቤተ ሰቦች ቦታቸውን እንደሚለቁ ተነግሯል። በዚያው አካባቢ የቢሾፍቱ ሐይቆች አሉ፤ የኢሬቻ በዓል የሚከበርበት ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና ሌሎችም ይገኛሉ። ከነዚህ መካከል ጨለለቃ ጥልቀት የሌለው፣ በክረምት የሚሰፋ በበጋ የሚሸሽ ረግረጋማ ሐይቅ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎችና ረጅም እግር ወፎች በብዛት ያርፉበታል። እንግዲህ የአይሮፕላኑ ማረፊያና የወፎቹ ማረፊያ ጎረቤት ሊሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አሳዛኝ ነገር ላስታውስ። በመስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ አሥመራ ሲጓዝ የርግብ መንጋ ወደ ሁለቱም ሞተሮቹ ገባ። አብራሪዎቹ ወደ ባሕር ዳር ለመመለስ ቢጥሩም አይሮፕላኑ ሜዳ ላይ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ርግቦቹ የረግረግ ወፎች አልነበሩም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ወፍ አጥር አያውቅም፤ ዕለት ዕለት የሚመላለስበትን መንገድም ማኰብኰቢያ ስለ ተሠራ አይተውም። ስለዚህ የወፎቹን መንገድና ጊዜ አጥንቶ ማወቅ ወፎቹን ከማዘን ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ በአይሮፕላኑ ውስጥ ለተቀመጡት ወላጆቻችንና ወንድሞቻችን ነፍስ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም አገሮች በማረፊያው ውስጥና በዙሪያው ያለውን የአራዊትና የወፍ አደጋ እንዲመረምሩ የሚያዘው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቃቸው ምንድን ነው? የሚያስታርቃቸው አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ለዚህም ሕግ ወጥቶለታል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው፣ በመንግሥት ሥራ ምክንያት ከቦታው የተነሣም ካሣ ወይም ሌላ ድጋፍ እንደሚገባው ይናገራል። በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በሚነካው የአካባቢ ጕዳይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ይህን በዝርዝር ሠራበት። ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ከሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይጀመር፣ የጥናቱ ወረቀት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ በተለይ ሥራው የሚነካቸው ሰዎች የሰጡት አስተያየት በጥናቱ ውስጥ እንዲገባ አዘዘ። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው አቤቱታውን ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እንዲያቀርብ፣ ኃላፊውም በ30 ቀን ውስጥ እንዲወስንለት መንገድ ከፈተ።

የሕጉ ቋንቋ ለእኛ ለተማሪዎች ይከብድ ይሆናል። ነገር ግን ሁሉን አጥብቤ ስመለከተው ሦስት ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት፤ ውሃው ወዴት ይሄዳል? ወፉ ወዴት ይሄዳል? ሰውየውስ ወዴት ይሄዳል?

ስለ ውሃው ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ይህ ባንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ የሚወርድ ዝናብ ነው። ያ መሬት ማሳ ወይም ጨፌ ሳለ ከውሃው ከፊሉን ይይዝ ነበር፤ አስፋልት ግን አይጠጣም። መሐንዲሱ ውሃውን የሚይዝ ኩሬና የሚያሳልፍ ቦይ ካላዘጋጀለት፣ ውሃው በታች ባለው ገበሬ ማሳ ላይ ይፈስሳል፤ ዘይትና ነዳጅ ቢነካውም ይዞት ይሄዳል። ይህ መላ ያለው ነገር ነው፤ ነገር ግን መላው በሥዕሉ ላይ እያለ ርካሽ፣ አስፋልቱ ከፈሰሰ በኋላ ውድ ነው።

አንዳንድ ሰው «እነዚህ ጥያቄዎች ለሀብታም አገሮች ናቸው፤ እኛ ድሆች ስለ ሆንን መፍጠን አለብን፤ ጥያቄ ሲበዛ ሥራ ይዘገያል» ይላል። ይህ ሰው ክፉ አሳቢ አይደለም፤ ያገሩ ችግር ያስቸኮለው ነው። ነገር ግን ያባቶቻችን ተረት «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ይላል። በሌሎች አገሮች የደረሰውን ብንመለከት ተረቱ እውነት መሆኑን እናያለን።

በአሜሪካ በፍሎሪዳ ክፍለ አገር እ.ኤ.አ. በ1968 ኤቨርግሌድስ በሚባለው ታላቅ ረግረግ ውስጥ ስድስት ማኰብኰቢያ የሚኖረው፣ ባለም ትልቁ ይሆናል የተባለ የአይሮፕላን ማረፊያ መሥራት ጀመሩ። ጥናቱ የመጣው ሥራው ከተጀመረ በኋላ፣ በ1969 ነበር። ጥናቱም ሥራው ከቀጠለ የደቡብ ፍሎሪዳ ውሃና ፍጥረት ይጠፋል አለ። በ1970 ሥራው ቆመ። የተረፈው አንድ ማኰብኰቢያ ብቻ ሲሆን እርሱም ለብዙ ዓመታት የአብራሪዎች መለማመጃ ሆኖ ኖረ። በዚያው ዓመት በጥር መጀመሪያ ቀን በመላው አሜሪካ ትልልቅ የመንግሥት ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት የአካባቢ ጥናት እንዲቀርብ የሚያዝ ሕግ ተፈረመ።

በሜክሲኮ የደረሰው ከዚህ ይበልጣል። በቴክስኮኮ ሐይቅ አሮጌ ወለል ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ የአይሮፕላን ማረፊያ መሥራት ተጀመረ። መሬቱ ለስላሳ ስለ ነበረ ይሰምጥ ነበር፤ ያካባቢው ገበሬዎችም ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ይቃወሙት ነበር። በ2018 ሥራው ገና ሳይጋመስ የሕዝብ ድምፅ ተጠየቀና ተሰረዘ። ኮንትራት ለያዙት ሰዎች ብዙ ገንዘብ ተከፈለ፤ ቦታውም በ2022 የተጠበቀ የተፈጥሮ ስፍራ ተባለ። የመሰረዙን ነገር የሚደግፉና የሚነቅፉ ዛሬም አሉ። ማንም የማይክደው ግን ሕዝቡ ከመቆፈሩ በፊት ቢጠየቅ ኖሮ ያ ሁሉ ብረትና ሲሚንቶ አይባክንም ነበር።

በፖርቱጋል ደግሞ ለሊዝበን ከተማ ሁለተኛ ማረፊያ በሞንቲዦ፣ በታጉስ ወንዝ መግቢያ ባለው የወፎች ረግረግ አጠገብ ሊሠራ ታሰበ። እ.ኤ.አ. በ2020 የአካባቢ ፈቃድ ከብዙ ግዴታ ጋር ተሰጠው። ነገር ግን የአገሩ ሕግ የሚነካቸው ማዘጋጃ ቤቶች ሁሉ እንዲስማሙ ያዝ ስለ ነበረ፣ ጥቂት ትናንሽ ከተሞች ባለመስማማታቸው በ2021 የሲቪል አቪዬሽኑ ባለ ሥልጣን ሐሳቡን ሳይቀበለው ቀረ። በ2024 መንግሥት ሌላ ቦታ መረጠ። በዚህ ክርክር ጊዜ አለፈ፤ ነገር ግን የፈረሰ ግንብ የለም። በሜክሲኮና በሊዝበን መካከል ያለው ልዩነት የሀብት ልዩነት አይመስለኝም፤ ልዩነቱ ጥያቄው የተነሣበት ሰዓት ነው።

የውጭውን ትተን ወደ ተራራችን ብንመለስም ያው ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አጥታ ነበር። ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ተተከለ፤ ቶሎ አድጎም ከተማዋን አዳናት። ይህን ውለታ መካድ አይገባም። ነገር ግን በባሕር ዛፉ ሥር ሣር እንደ ልብ ስለማይበቅል አፈሩ በዝናብ ይታጠባል፤ ዛፉም ብዙ ውሃ ይጠጣል። ዛሬ በእንጦጦ ላይ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ መልሶ ለመትከል የሚደከመው ለዚህ ነው። አንድን ችግር የሚያስወግድ መድኃኒት ሌላ ችግር እንደሚያመጣ አስቀድሞ መመርመር የጥበብ መጀመሪያ ነው።

ስለ አቡሴራ የምመኘውን በግልጥ ልናገር። አይሮፕላን ማረፊያው እንዲሠራ እመኛለሁ። ነገር ግን የጥናቱ ወረቀት በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ እንዲቀመጥ አልመኝም። በኦሮምኛና በአማርኛ፣ ገበሬው በሚገባው ቃል ተጽፎ በቀበሌው እንዲነበብ እመኛለሁ። ገበሬው የሚሰጠው ካሣ የዛሬውን ቤቱን ብቻ ሳይሆን የነገውን እርሻውን የሚተካ እንዲሆን፣ ልጁም በሚሠራው ማረፊያ ውስጥ ተምሮ ሥራ እንዲያገኝ እመኛለሁ። ጨለለቃም በዝናብ ጊዜ የሚሰፋበት ሜዳ እንዲተርፈው እመኛለሁ። ለዚህ ሥራ ገንዘብ ከሚያፈላልጉት መካከል የአፍሪካ ልማት ባንክ ይገኛል፤ እንዲህ ያለ ባንክ የአካባቢና የማኅበራዊ ጥናት ሳይቀርብለት ለትልቅ ሥራ አያበድርም። ነገር ግን ባንክ ስለ ጠየቀ ብቻ መመለስ ለእኛ አያኰራንም። የገዛ ገበሬያችን ሲጠይቅ መመለስ ይገባናል።

ጓደኞቼ፤ እኛስ ምን እናድርግ? ትልቅ ነገር አልጠይቃችሁም። በትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ክበብ አለ። በየሳምንቱ አንድ ቀን ወደ ቀበና ወንዝ ወርደን የውሃውን ከፍታ በእንጨት ብንለካና በደብተር ብንጽፍ፣ ያየናቸውንም ወፎች ብንቈጥር፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማንም ያልያዘው መዝገብ ይኖረናል። አንድ ቀን በወንዙ ዳር ሕንፃ ወይም መንገድ ይሠራ ሲባል «ውሃው በክረምት እስከዚህ ድረስ ይመጣል» ብሎ በቍጥር የሚመሰክር ከእኛ ትምህርት ቤት ይገኛል። ያለ ቍጥር የሚከራከር ሰው ጩኸቱ ይሰማል እንጂ ነገሩ አይሰማም።

ክቡራን ወላጆች፣ እናንተም ከእኛ የበለጠ ታውቃላችሁ። የትኛው ሰፈር ጨፌ እንደ ነበረ፣ የትኛው ምንጭ እንደ ደረቀ፣ ጎርፉ በየት ያልፍ እንደ ነበረ የምታስታውሱ እናንተ ናችሁ። ንገሩን፤ እንጽፈዋለን። ይህ ካልተጻፈ ነገ የሚመጣው መሐንዲስ በካርታው ላይ ባዶ ሜዳ ብቻ ያያል፤ እርሱንም ልንወቅሰው አንችልም።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ይህን ያሉት ሳይማር ለሚጠመጥም ሰው ነው። ማኅተም ለሚይዝ፣ ዶማ ለሚያነሣ፣ ቡልዶዘር ለሚያሽከረክርም ይሠራል። ከመቆፈር መጠየቅ ይቅደም፤ ከመፍቀድም መስማት ይቅደም።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፣ ለመምህራኖቻችንም ጤና እመኛለሁ።